እሳት የማያስገባ፣ እሳት የማያስወጣ

ሀዋሳ ውስጥ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የኤሌክትሪክ መምህርት ሆኜ ሁለተኛ ዓመቴን ስይዝ፣ በወርክሾፑ ውስጥ ስም ያልለጠፍኩበት ዕቃ አልነበረም። ካይዘን የሚባለው የአሠራር ዘዴ በየመሥሪያ ቤቱ የገባበት ጊዜ ነው። ሌላው ሰው ስብሰባ በዛብን እያለ ሲያማርር እኔ በደስታ ተቀበልኩት። የእያንዳንዱን ፒንሳና ካቻቪቴ ቅርጽ በሰሌዳ ላይ በቀለም አሰመርኩ፤ ዕቃው ከቦታው ሲጠፋ ባዶው ቅርጽ ራሱ ይናገር ነበር። ተማሪዎቼ ከኋላዬ «ቲቸር ምሳ ዕቃዋንም ሳታሰምርበት አትቀርም» ይሉ እንደነበር የሰማሁት ቆይቶ ነው። ብዙም አልተሳሳቱም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በሥራ ላይ ላሉ ኤሌክትሪሻኖች አጭር ሥልጠና እንሰጥ ነበር። በመጀመሪያው ዙር አሥራ አራት ሠልጣኞች ነበሩኝ። አብዛኞቹ በዕድሜ ይበልጡኛል፤ እኔ ሳልወለድ ሽቦ መዘርጋት የጀመሩም ነበሩባቸው። ብዙዎቹ በቤታቸው ሲዳሙ አፎ፣ ማለት የሲዳማን ቋንቋ፣ የሚናገሩ፣ አማርኛን በሥራና በገበያ የለመዱ ናቸው። የሥልጠናው መጽሐፍ ግን በእንግሊዝኛ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱን ትምህርት በሁለት ገጽ አማርኛ አሳጥሬ፣ አባዝቼ አድላቸው ነበር። ማንም አላዘዘኝም። ወረቀቶቹን ሲያጥፉና ኪሳቸው ሲከቱ ማየት ደስ ይለኝ ነበር።

ከሠልጣኞቹ መካከል ሁልጊዜ ከፊት የሚቀመጡ፣ የመነጽራቸውን እጀታ በኤሌክትሪክ ቴፕ የጠገኑ አንድ ሰው ነበሩ። ያኔም ጋሼ ነበር የምላቸው፣ እዚህም ጋሼ ይሁኑ። ወደ ቱላ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አነስተኛ የቀለም መቀላቀያ ውስጥ የጥገና ሠራተኛ ነበሩ። በሰፈራቸው የፓምፕ ሞተር ሲቃጠልም፣ በቤተ ክርስቲያናቸው የመዘምራኑ ድምፅ ማጉያ ሲጮህም የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። እኔን «ቲቸር» ይሉኛል፤ ግን አንቺ እያሉ ነው፣ እንደ ልጃቸው። ይህን የምጽፈው እሳቸውን ለማመስገን ስለሆነ፣ ስህተቴን ሳላሳንስ መጻፍ አለብኝ።

የዚያን ወር ትምህርት የሚቀጣጠል ትነት ባለበት ቦታ የኤሌክትሪክ ሞተር እንዴት እንደሚገጠምና እንደሚጠበቅ ነበር። ነገሩን ላስረዳ። ቀለም ሲቀላቀል ለማቅጠን የሚጨመረው አኳራጅ ይተናል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ እንደ ጭስ ወደ ላይ አይወጣም፤ ወለሉን ይዞ ይተኛል፣ ጥግ ጥጉን ይሞላል። ዓይን አያየውም። ከአየር ጋር በልኩ ተደባልቆ አንዲት ብልጭታ ካገኘ ክፍሉ በሙሉ በአንድ ጊዜ ይነዳል። ተራ ሞተር ደግሞ ብልጭታውን ሊሰጥ ይችላል፤ አንድ የላላ የሽቦ ጫፍ ይበቃል። ብልጭታ ባይሰጥ እንኳ፣ ሥራ ሲበዛበት ወይም ከሦስቱ ፌዝ፣ ማለት ከሚመግቡት ሦስት የኤሌክትሪክ መስመሮች፣ አንዱ ሲጠፋበት ገላው እጅ እስከማያስነካ ድረስ ይግላል፤ ለአንዳንዱ ትነት ሙቀቱ ብቻውን ይበቃዋል። በዚህ ምክንያት ለእንዲህ ያለ ቦታ ተብሎ የሚሠራ ሞተር አለ። ወፍራም የብረት ቤት ያለው፣ ሽቦው የሚታሰርበት ሳጥን ሳይቀር በብዙ ብሎን የሚገጠም፣ ከባድ ሞተር ነው።

መጽሐፉ ይህን ሞተር ፍሌምፕሩፍ ይለዋል። ቃሉን ወደ አማርኛ ለመመለስ ብዙ አልደከምኩም። ወንድሜ ዋተርፕሩፍ ሰዓት ነበረው፤ ውሃ የማያስገባ ማለት ነው። ዋተርፕሩፍ ውሃ የማያስገባ ከሆነ፣ ፍሌምፕሩፍ እሳት የማያስገባ መሆን አለበት። እንዲያ ብዬ ጻፍኩት። ነገር አሟልቼ መጻፍ ስለምወድ ከሥሩ አንድ ዓረፍተ ነገር ከራሴ ጨመርኩ፦ «ስለዚህ ትነት እንዳይገባ ክፍተቱ ሁሉ በደንብ ይደፈን።» ይህን ዓረፍተ ነገር ማንም መጽሐፉ ውስጥ ፈልጎ አያገኘውም።

ጋሼ ትምህርቱን ከማንም በላይ ከልባቸው ወሰዱት። የመቀላቀያው ባለቤት በከተማው የታወቁ ነጋዴ፣ ሁሉም ሐጂ የሚላቸው ሰው ናቸው። ጋሼ ወረቀቴን ይዘው ሄደው፣ በርሜሉን የሚያማስለው አሮጌ ሞተር አንድ ቀን እዚያ የሚሠሩትን ሁሉ ሊያቃጥል እንደሚችል አስረዷቸው። ቀለም የሚቀዱት ሴቶች፣ ጣሳ የሚሸከሙት ወጣቶች፣ እሳቸው ራሳቸው ቀኑን ሙሉ እዚያ ክፍል ውስጥ ናቸው። ሐጂ ሁለት ቀን አስበው ፍሌምፕሩፍ የሆነውን ሞተር ከአዲስ አበባ አስመጡ። አንድ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ብዙ ቀለም አዟቸው ስለነበር ሥራው እንዲቆምባቸው አይፈልጉም፤ ግን አስመጡ።

ጋሼም ሞተሩን መቀላቀያው ክፍል ውስጥ አስቀምጠው፣ ወረቀቴ እንዳዘዘው ክፍተቱን ደፈኑ። የደፈኑትም በካላማዳሪ ነው። በእኛ አገር መካኒክና ኤሌክትሪሻን የመኪና ጎማ ካላማዳሪ የማይሠራው ነገር የለም፤ ውሃ ያንጠባጠበ፣ ዘይት ያፈሰሰ፣ የተንገጫገጨ ሁሉ በመቀስ የተቆረጠ ካላማዳሪ ይገባለታል። ጋሼ በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። የሽቦው ሳጥን ክዳንና አፉ በሚገናኙበት ዙሪያውን ልክ አውጥተው፣ የብሎኖቹን ቀዳዳ በምስማር ወግተው፣ ቆንጆ ጓርኒሲዮን፣ ማለት በሁለቱ ብረቶች መካከል የሚነጠፍ ማፈኛ፣ ሠሩለት። በስልካቸው ፎቶ አንስተው አሳዩኝ። እኔም ለክፍሉ ሁሉ አሳየሁት፤ ሥራ ማለት እንዲህ ነው አልኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ከትምህርት በኋላ ሌሎቹ ሲወጡ ጋሼ ወደ ኋላ ቀሩ።

«ቲቸር፣ አንድ ነገር ገርሞኝ ነው» አሉኝ። «ሳጥኑን ከደፈንኩት ሳምንቱ ነው። ትናንት ሽቦ ላስር ስከፍተው ውስጡ አኳራጅ አኳራጅ ሸተተኝ። በየት ገባ?»

ብዙ ዓመት በእጃቸው የሠሩ ሰው ያመጡት ጥያቄ ነበር። ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። እኔ ግን መልስ የሌለኝ መምህር ሆኜ መታየት አልፈለግሁም። ካላማዳሪው ስስ ሆኖ ነው፣ ወፍራም ያድርጉበት አልኳቸው። ጋሼ ፎቶውን ስልካቸው ላይ እንደገና አዩት። ከዚያ ደብተራቸውን አውጥተው «ወፍራም» ብለው ጻፉና አመስግነውኝ ሄዱ።

የሚከተለው ቅዳሜ የኮሌጁ የአስተዳደር ሠራተኞች ሰኞ ለሚጀመር ግምገማ ስለሚዘጋጁ ትምህርት አልነበረም። ታቦር ሰፈር ከተከራየኋት ክፍል ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥቼ፣ ለሠልጣኞቹ የፈተና ጥያቄ ላወጣ መጽሐፉን ገለጥኩ። ያላስተማርኳቸው ሁለት ሠንጠረዦች ነበሩ። አንደኛው ስለ ሙቀት ነው። ሁለተኛው ርዕሱ የሚፈቀድ ከፍተኛ ክፍተት ይላል። የሳጥኑ ክዳንና አፍ በሚገናኙበት ቦታ በብረትና በብረት መካከል ሊኖር የሚችለውን ስስ ክፍተት፣ ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ፣ ሁለት አሥረኛ እያለ ይዘረዝራል።

እንደ እኔ ያለ ሥርዓት ወዳድ ሰው ይህን አይቶ ማለፍ አይችልም። ክፍተቱ መደፈን ካለበት፣ የሚፈቀድ ክፍተት ብሎ ሠንጠረዥ ማውጣት ምን ያደርጋል? ከጎኑ ያለውን ሥዕል አየሁ። እሳቱ የተሳለው ሳጥኑ ውስጥ ነው። ቀስቱ የሚያመለክተው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው።

ያኔ ገባኝ። ይህ ሳጥን ትነት እንዳይገባበት የተሠራ አይደለም። ትነት ይገባል። ሞተር ሲሞቅ ውስጡ ያለው አየር ይወጣል፣ ሲበርድ የውጭውን ይስባል፤ የሀዋሳ ቀንና ሌሊት ብቻውን ይህን ለማድረግ ይበቃል። የሠሩት ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። ስለዚህ ያሰቡት ሌላ ነው፦ ትነቱ ይግባ፣ ውስጥ ብልጭታ አግኝቶ ይፈንዳ፤ ሳጥኑ ግን ወፍራም ስለሆነ አይሰነጠቅም፤ እሳቱም ለመውጣት ያለው መንገድ በሁለት ሰፋፊ ብረቶች መካከል ያለው ስስና ረጅም ክፍተት ብቻ ነው። በዚያ ሲያልፍ በሁለቱም በኩል ከቀዝቃዛ ብረት ጋር እየተፋተገ ሙቀቱን ይጥላል፤ ውጭ ሲደርስ ክፍሉን የማቀጣጠል አቅም አይኖረውም። ካላማዳሪ በመካከል ሲገባ ግን ሁለቱ ብረቶች ተራርቀው ይቀመጣሉ። ፍንዳታው ላስቲኩን በአንድ ምት አቃጥሎ ወይም ገፍቶ ያወጣዋል፤ ከኋላው የሚቀረው ሰፊ በር ነው። እሳቱ ሳይቀዘቅዝ ይወጣል። ወፍራም ያድርጉበት ያልኩት እኔ ነኝ። በሩን ያሰፋሁት እኔ ነኝ።

ጋሼ እንደነገሩኝ፣ ሐጂ ሞተሩን የሚያስነሱት በዚያው ጠዋት ነበር።

ወደ ጋሼ ስልክ ደወልኩ። የደወሉላቸው ደንበኛ ለጊዜው አገልግሎት መስጠት አይችሉም አለችኝ ያቺ የቴሌ ድምፅ። ደጋግሜ ደወልኩ፣ ደጋግማ ነገረችኝ። መጽሐፉን እንደያዝኩ፣ በነጠላ ጫማ መንገድ ወጥቼ ባጃጅ አስቆምኩ። ቱላ መንገድ፣ ኮንትራት አልኩት። ሹፌሩ ነጠላ ጫማዬንና መጽሐፌን አይቶ ፈተና ረፍዶብሽ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት፤ በዕድሜዬ ማስረዳት ያቃተኝ ያን ቀን ብቻ ነው መሰለኝ።

ስደርስ በርሜሉ በአኳራጅና በቀለም ተሞልቷል፣ ሽታው ከበሩ ይቀበላል። ስድስት ሰባት ሠራተኞች ዙሪያውን ቆመዋል። ሐጂ ለምርቃቱ አንድ ትሪ ቴምር አስመጥተው በር ላይ ተቀምጠዋል። ማስነሻው ቁልፍ፣ እንዳስተማርኩት፣ ከክፍሉ ውጭ ግድግዳው ላይ ተገጥሟል፤ ያቺን እንኳ በትክክል አስተምሬያለሁ። ጋሼ ከፊቱ ቆመው ሐጂ ዱዓቸውን እስኪጨርሱ ይጠብቃሉ። እጃቸው አረንጓዴው ቁልፍ አጠገብ ነበር።

እንዳያስነሱት ነገርኳቸው። ድምፄ እንደፈለግሁት አልወጣም፣ ግን ሰሙኝ። ጋሼ ምንም ሳይጠይቁ መጀመሪያ ዋናውን ብሬከር ዝቅ አደረጉ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

ሐጂ ተነሱ። የኮንዶሚኒየሙ ሰዎች ሁለት ጊዜ ደውለውባቸዋል፣ በርሜሉ ተሞልቷል፣ ሠራተኛው ቆሟል። ምን እንደተፈጠረ ጠየቁኝ። ስህተት ተሠርቷል አልኩ። ይህን ስል ዓይናቸው ወደ ጋሼ እንደዞረ አየሁ። አንዲት ሌላ ቃል ባልናገር ነገሩ እዚያ ያልቅ ነበር፤ ካላማዳሪውን የቆረጡት ጋሼ ናቸው፣ ሞተሩን የገጠሙት ጋሼ ናቸው፣ የሚባረሩትም እሳቸው ይሆኑ ነበር።

«የሠሩት እኔ እንዳዘዝኳቸው ነው» አልኩ። «የተሳሳተው ወረቀቱ ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ የዛሬ ሦስት ሳምንት የጻፍሽውን ዛሬ ከሻርሽው፣ የዛሬውን መቼ ልትሽሪው ነው?»

ጋሼ ከብሬከሩ አጠገብ ሳይርቁ መለሱላቸው።

«ሐጂ፣ እኔም ሽታውን ሰምቼ ጠርጥሬ ነበር። ጠየቅኋት፣ መለሰችልኝ፣ ልቤ ሳይቀበለው ዝም አልኩ። ጥፋቱ የሁለታችን ነው።»

«መልካም፣ ጥፋቱን ተካፈሉት» አሉ ሐጂ። «ለእኔ የተረፈኝ የቆመ በርሜል ነው ማለት ነው።» ከዚያ ወደ ሠራተኞቹ ዞረው፣ ይህ ሰውዬ የልጅ ልጁን ቢሰጡት ካላማዳሪ ሳያለብስ አይመልስም አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። ጋሼም ሳቁ፣ ታዲያ የልጅ ልጃቸው በዝናብ እንደማይርስ ተናገሩ። እኔ ነበርኩ መሳቅ ያቃተኝ።

ሐጂ ሥራው እንዲቆም ፈቀዱ። በርሜሉ ተከደነ፣ በሮቹና ከታች ወለሉ አጠገብ ያሉት መተንፈሻዎች ሁሉ ተከፈቱ፣ ሠራተኛው ቴምሩን ይዞ ወደ ግቢው ወጣ። ለጋሼ ሥዕሉን አሳየኋቸው። መጽሐፉን ተቀብለው፣ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ቀስቱን በጣታቸው ተከተሉ። ብዙ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ወደ ሠራተኞቹ ሄደው በሲዳሙ አፎ ነገሯቸው፤ አጭር ነበር፣ ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ምን እንዳሏቸው ጠየቅኋቸው።

«ለእሳቱ እስር ቤት ነው አልኳቸው። መግባት ይችላል፣ መውጣት አይችልም።»

ሁለት ገጽ የፈጀሁበትን ነገር በዚያች ጨረሱት።

ትነቱ ወጥቶ ካለቀ በኋላ ሞተሩን ፈታነው። ካላማዳሪውን ስናነሳ በስለት አልቧጠጥንም፤ የሁለቱ ብረቶች ፊት ከተጫረ እሳቱ አዲስ መንገድ ያገኛል። ጋሼ የእንጨት ስንጥር አበጅተው ቀስ ብለው ላጡት፣ በጨርቅ አጸዱት፣ ስስ ግሪስ ቀቡት። ክዳኑን መልሰን በሁሉም ብሎኖች ካጠበቅን በኋላ፣ ኮሌጁ ሄጄ ባመጣኋቸው ስስ የመለኪያ ብረቶች ክፍተቱን ዙሪያውን ለካሁ። በሠንጠረዡ ውስጥ ነበር። አምላኬን አመሰገንኩ፤ ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት ይሞረድ ብዬም ልጽፍ እችል ነበርና።

ሳጥኑ ላይ ሽቦ የማይገባበት አንድ ትርፍ ቀዳዳ ነበር። ጋሼ በተጠረበ እንጨት ደፍነውታል፣ ያም በወረቀቴ መሠረት ነው። ለእሱ የሚሆነው በጥርስ የሚገባ የብረት መድፈኛ ሀዋሳ ውስጥ አልተገኘም። ሐጂ ዘመዳቸውን አዲስ አበባ ድረስ ልከው እስኪመጣ ዘጠኝ ቀን ጠበቁ። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት አንድም ቀን ደውለው አልተቆጡኝም። ኦቨርሎዱንም፣ ማለት ሞተሩ ከልኩ በላይ ሲስብ የሚያጠፋውን መቆጣጠሪያ፣ በሞተሩ ሰሌዳ ላይ በተጻፈው ልክ አስተካከልነው። በየቦታው እንደማየው ቶሎ ቶሎ እንዳያጠፋ ተብሎ ከፍ አልተደረገም። አንዱን ፌዝ ሆን ብለን ነቅለን ስንሞክረው፣ መቆጣጠሪያው ሞተሩ ሳይግል አጠፋው። በአሥረኛው ቀን ሞተሩ በርሜሉን ማማሰል ጀመረ። ሐጂ ቴምሩን እንደገና አስመጡ፤ ለእኔ ሲሰጡኝ ሁለት እፍኝ ሞልተው ነው፣ አንዱ የዛሬው፣ ሌላው ያን ጊዜ ያልበላሽው ነው ብለው።

ነገሩ ግን እዚያ አላለቀም። ያ ወረቀት በአሥራ አራት ሰው ኪስ ውስጥ ነበር። ከእነሱም አንዱ ወፍጮ ቤት፣ አንዱ አልኮል መጋዘን፣ አንዱ ነዳጅ ማደያ ይሠራል። ሞተሩ ገና ቆሞ ሳለ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ በክፍሉ ፊት ቆሜ የተሳሳትኩትን ተናገርኩ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሠልጣኝ፣ ታዲያ ዋተርፕሩፍ ሰዓቴም ውሃውን የሚያስረው ከውስጥ ነው ወይ ብሎ ክፍሉን አሳቀው። ዘጠኙ ወረቀታቸውን እዚያው መልሰውልኝ፣ አርሜ የጻፍኩትን አዲሱን ወሰዱ። ጋሼ የራሳቸውን አልሰጡኝም፤ ስህተቱን በቀይ ሠርዘው ከላዩ «የማያስወጣ» ብለው ጽፈውበት፣ ይህኛው ይሻላል፣ ሁለቱንም ያሳያል አሉኝ።

የቀሩትን አራቱን ከጋሼ ጋር ሆነን በየሥራ ቦታቸው ፈለግን። እሳቸው ከሥራ ሲወጡ ቱላ መንገድ ላይ ይጠብቁኛል፤ እኔ እናገራለሁ፣ ያልገባ ነገር ካለ እሳቸው በሲዳሙ አፎ ይጨርሱታል። አልኮል መጋዘኑ ውስጥ አንድ ክዳን በሲሊኮን ተለጥፎ አገኘን፤ አብረን ላጥነው። እንዲህ ሦስቱን አገኘን።

አሥራ አራተኛው የነዳጅ ማደያው ልጅ ነው። ሥራ ቀይሮ ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል፣ እዚያም ማደያ ነው የገባው። ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነበር። ስልኩን ያገኘነው ጋሼ የአክስቱን ልጅ በቤተ ክርስቲያን አፈላልገው ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሐይቁ ዳር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ደወልንለት። የሰጠኋችሁ ወረቀት ስህተት አለበት፣ እንዳትሠራበት፣ የደፈንከው ነገር ካለ ዛሬውኑ ንገረኝ አልኩት በአንድ ትንፋሽ።

«ቲቸር፣ እንዳትቀየሚኝ» አለ ልጁ። «አላነበብኩትም።»

ጋሼ ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አስጠግተው ነበርና ሳቃቸው ፈነዳ። እኔም ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ መጀመሪያ የሳቅሁት ያኔ ነው። ልጁ የተቆጣሁት መስሎት ይቅርታ ይጠይቀኝ ነበር፤ እኔ ግን አመሰግናለሁ፣ አመሰግናለሁ አልኩት። ከዚያ እስክሪብቶ ይዘሃል ወይ አልኩት። ያዘ። አዲሱን ወረቀት ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ ቀስ እያልኩ አነበብኩለት፤ እሳት የማያስወጣ፣ ነጥብ፣ ቀጥል። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ስልኩ ሒሳቤ እያለቀ መሆኑን በጩኸት አስታወቀኝ። ጋሼ ከኮታቸው ኪስ አንድ የሞባይል ካርድ አውጥተው፣ ማንበቤን እንዳላቋርጥ በእጃቸው ምልክት እየሰጡኝ፣ በቤታቸው ቁልፍ ይፍቁት ጀመር።